ላይፍ ጃኬት «ያድግበታል» ተብሎ አይገዛም

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 13፣ ትንሹ 9 ዓመቱ ነው። ክረምቱ እንደወጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ላይ ትንንሽ የሸራ ጀልባ መንዳት ከሚማሩ ልጆች ጋር ተቀላቀሉ። ጀልባው የአሠልጣኙ ነው። ልብሱንና ሌላውን ዕቃ ግን ወላጅ ይሸፍን ተባልን። ልጄ ከኢንተርኔት ረጅም ዝርዝር ገልብጣ ሰጠችኝ፤ ድራይሱት፣ ዌትሱት፣ የጀልባ ጫማ፣ ጓንት፣ ሰዓት፣ ምኑ ቅጡ። ስደምረው ከሁለት ወር ደመወዜ በለጠ፤ ያውም ለእሷ ብቻ። ለአንዳንዶቹ ልጆች ሁሉም ነገር ከውጭ ተልኮላቸዋል። ልጄ አፍ አውጥታ አትናገርም እንጂ ሲከፋት አያለሁ። ባለቤቴ ‹ከገዛን አይቀር ሰፋ ያለ ይሁን፣ ያድጉበታል› ባይ ነው። እህቱ ለጥምቀት ከሜሪላንድ ትመጣለች፤ ‹የምትፈልጉትን ጻፉልኝ› ብላናለች። ምን ላስመጣ? ምኑን ልተወው? አሮጌ ጀልባ ብንገዛስ ያዋጣን ይሆን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ዝርዝሩን ያውጡና እስክሪብቶ ይያዙ። አብዛኛውን እንሰርዘዋለን።

ልጅዎ የገለበጠችው ዝርዝር ስህተት የለበትም። የተጻፈው ግን ለሌላ ውሃ ነው። እንግሊዝ አገር በሚያዝያ ወር ባሕር ላይ የወደቀ ልጅ የሚያገኘው ውሃ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ነው። እዚያ ድራይሱት፣ ማለትም ውሃ ጭራሽ የማያስገባው ሙሉ ልብስ፣ ቅንጦት ሳይሆን ነፍስ አድን ነው። የጣና ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ድራይሱቱ ይሰረዝ። ወፍራሙ ዌትሱት፣ ገላ ላይ የሚጣበቀው የላስቲክ ልብስ፣ ይሰረዝ። ከዚያው ላስቲክ፣ ከኒዮፕሪን፣ የሚሠራው ኮፍያና ካልሲም ይሰረዝ። ከዚያ ሁሉ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የያዙት እነዚህ ናቸው። የቀረውን እንደገና ቢደምሩት ትንፋሽዎ ይመለሳል።

ሳያመነቱ ገንዘብ የሚያወጡበት አንድ ዕቃ ግን አለ። እሱም ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ይሁን። የሚገዙት ከሆነ አዲስ ይሁን። ለዛሬ ሰውነቱም ልክ ይሁን።

እዚህ ላይ ከባለቤትዎ ጋር አልስማማም። ለዩኒፎርም ከሆነ «ያድግበታል» ብልህነት ነው፤ እጅጌው ይታጠፋል፣ ጫፉ ይሰፋል፣ ሁለት ዓመት ይለበሳል። የሰፋ ላይፍ ጃኬት የለበሰ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ግን ጃኬቱ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል፤ ልጁ ወደ ታች ይንሸራተታል። አገጩ ጃኬቱ ውስጥ ይገባል። አፍና አፍንጫው ይሸፈናል። ክንዶቹ ወደ ላይ ተሰቅለው መዋኘት ያቅተዋል። ሊያድነው የተገዛው ዕቃ መልሶ ያስጨንቀዋል። የ9 ዓመቱን ልጅ የእህቱን ጃኬት አልብሶ «ለዛሬ ብቻ» ማለትም ያው ነው።

ልክ መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግዎትም። ልጁን ያልብሱት። ማሰሪያዎቹን በሙሉ ይቆልፉ፣ ዚፑንም እስከ ላይ ይዝጉ። ከዚያ ከኋላው ቆመው የጃኬቱን ሁለት ትከሻዎች ይያዙና ወደ ላይ ይሳቡ። ጠንከር አድርገው ይሳቡ፤ ውሃው አያዝንለትም። ጃኬቱ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል። አገጩ ጋ ሳይደርስ ከቆመ ደህና ነው። ቀጥሎ ቁጢጥ ይበል፤ ወደ ፊትም ጎንበስ ይበል። ትንሽ የሸራ ጀልባ ላይ ሸራውን ከታች የሚይዘው አግዳሚ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲዞር ልጁ ከሥሩ አጎንብሶ ነው የሚያልፈው። ቁጢጥ ሲል ጃኬቱ ጉሮሮውን ከገፋው ረዝሞበታል። በእግሮቹ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ቢያገኙ ለትንሹ ልጅ ይመረጣል፤ ጃኬቱን ወደ ታች ይዞ ያስቀራል።

ላይፍ ጃኬት በዕድሜ አይመረጥም። ልብሱ ውስጥ የተሰፋውን ምልክት ያንብቡ፤ ለስንት ኪሎ እንደሆነ ይናገራል። ሌላም ቁጥር አለ፤ የማንሳፈፍ ጉልበቱን የሚናገር። 50 የሚለው ዋና ለሚችልና አዳኝ በቅርብ ላለው ሰው ነው። 100 የሚለው ደግሞ ለባሹን በጀርባው ገልብጦ ፊቱን ወደ ሰማይ እንዲያዞር የተሠራ ነው። በትንሽ የሸራ ጀልባ ልጆች በአብዛኛው የሚለብሱት 50ውን ነው፤ ቀጠን ያለ ስለሆነ እንደልብ ያንቀሳቅሳል። ልብ ይበሉ፤ «ዋና ለሚችል» ነው የሚለው። ጣና ዳር አድጎ ዋና የማይችል ልጅ ጥቂት አይደለም። የእርስዎዎቹ ካልቻሉ የዕቃው ገንዘብ መጀመሪያ ወደ ዋና ትምህርት ይሂድ። የሆቴል መዋኛ ገንዳ በሰዓት ከፍሎ የሚያስተምር ሰው መፈለግ ከየትኛውም ጃኬት ይቀድማል። እስኪችሉ ድረስ 100ውን ይልበሱ፤ ቢከብዳቸውም ይልበሱ።

ሦስት ዓይነት ጃኬት አይግዙ። አንደኛው በጋዝ የሚነፋው ነው። ሲያዩት ቀጭንና ቆንጆ ነው፤ ግን የሚማር ልጅ በአንድ ጠዋት ደጋግሞ ይገለበጣል፣ ጋዙ ደግሞ አንዴ ከተነፋ አዲስ ሲሊንደር ይፈልጋል። ሲሊንደሩን በአውሮፕላን ለማምጣትም አየር መንገዶች ገደብ አላቸው። ሁለተኛው የቱሪስት ጀልባዎች ላይ የምናየው ብርቱካናማው ነው። እሱ ለተቀመጠ መንገደኛ፣ ብዙውን ጊዜም ለትልቅ ሰው የተሰፋ ነው። ሦስተኛው ክንድ ላይ የሚታሰረው የመዋኛ ፊኛ ነው። እሱ መጫወቻ ነው።

ዘመድ ያገለገለ ልስጣችሁ ቢል እምቢ አይበሉ፤ ግን ይፈትሹት። ውስጡ ያለውን ስፖንጅ በጣትዎ ይጫኑት። ተመልሶ ካልተነሳ ወይም ደርቆ ከተሰባበረ አብቅቶለታል። ጨርቁን በጥፍርዎ ይፈትጉት። ፀሐይ የበላው ናይሎን ክሩ ይነሳል። የተሰበረ መቆለፊያ ያለበትን አይቀበሉ።

ላይፍ ጃኬቱን ጨረስን። የቀረውን እግዜር ይስጠው፣ ሰልባጅ ተራ አለ።

ልጆቹ ውሃው ሞቅ ያለ ሆኖ ለምን እንደሚንቀጠቀጡ አይተው ይሆናል። የሚያበርዳቸው ነፋስ ነው። እርጥብ ገላ ላይ ነፋስ ሲነፍስ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ጥጥ ልብስ ደግሞ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል፤ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ከውስጥ ጥጥ ያልሆነ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ካለበሷቸው ሌላ አያስፈልግም። ከውስጥ ረጅም እጅጌ ያለው የእግር ኳስ ማሊያ ይበቃል፤ ማሊያ ፖሊስተር ነው። ከታች ታይት ወይም ቀጭን የስፖርት ቱታ። ልጅዎ ታይት ብቻውን የሚያሳፍራት ከሆነ ከላዩ ቁምጣ ትደርብበት፤ ማንንም አያደናቅፍም።

ነፋስ መከላከያ ጃኬቱን ሲመርጡ ደግሞ ሻጩን አይጠይቁ። የጃኬቱን ጨርቅ አፍዎ ላይ ለጥፈው ይንፉ። ትንፋሽዎ ወዲያ ማዶ ላለው እጅዎ ከደረሰ ነፋሱም ልጅዎ ጋ ይደርሳል። ካልደረሰ ይውሰዱት። አንገቱና የእጅጌው ጫፍ ላስቲክ ቢኖረው ጥሩ ነው። ኮፍያ ያለው ከሆነ ኮፍያውን ይቁረጡት፤ ገመድ ላይ ይጠመጠማል፣ ዓይንም ይጋርዳል። ይህኛው ከላይፍ ጃኬቱ ሥር የሚለበስ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ ቢል ችግር የለውም። ለባለቤትዎ እዚህ ላይ «ያድጉበታል» እንዲሉ ፈቅደናል።

ቀጭን ዌትሱት የግድ ካሰኛችሁ ይሄ ብቻ ይታወቅ። የሚሠራው ገላ ላይ ሲጣበቅ ነው። የሰፋ ዌትሱት ቀዝቃዛ ውሃ እንደልቡ ይገባበታል፤ ባይለበስ ይሻላል። ልጅ ደግሞ በአንድ ዓመት ይጠበዋል። ስለዚህ ከተዋሱት ጥሩ፣ ካልሆነ ይቅር።

ዝርዝሩ ላይ «ከውሃ ሲወጡ የሚለበስ ባለ ኮፍያ ፎጣ ካፖርት» የሚል ነገር ካለ በወፍራሙ ይሰርዙት። ውድ ነው። እኛ ጋቢ አለን። ጋቢ ውሃ ላይ አይሆንም፤ ወደብ ላይ ደርቆ ለሚጠብቅ ልጅ ግን ከየትኛውም ካፖርት አይተናነስም። ከሥሩ ልብስ መቀየርም ይመቻል።

ጫማው አሮጌ፣ ማሰሪያ ያለው ስኒከር ይሁን። ባዶ እግር አይሆንም፤ ዳር ላይ ድንጋይና የተሰበረ ጠርሙስ አለ። ነጠላ ጫማም ይወልቃል። ጓንት ጀማሪ አያስፈልገውም፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚይዙት ገመድ እጅ የሚልጥ ጉልበት የለውም። ሰዓቱ ለውድድር ነው፤ ከመነሻው በፊት ያሉትን 5 ደቂቃዎች ለመቁጠር። ውድድር ሲመጣ ገበያ ላይ ያለ ማንኛውም ውሃ የማያበላሸው ዲጂታል ሰዓት ይበቃል።

አሁን ዝርዝሩ ላይ ወዳልተጻፈው ልምጣ። ጣና ላይ ልጅን የሚጎዳው የመጀመሪያው ነገር ፀሐይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ውሃው ደግሞ ከሥር መልሶ ያንጸባርቀዋል። ጥላ የለም። ረጅም እጅጌ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው። ጠርዙ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ይፈልጉ፤ ከአገጭ ሥር የሚታሰር ክር ይስፉበት፤ ካልሆነ ነፋሱ ይወስደዋል። ከተረፈዎት ገንዘብ ሳንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ይግዙ። አፍንጫ፣ ጆሮ፣ የአንገት ጀርባ፣ የእጅ ጀርባ ይቀባ። ውሃ ውስጥ ከወደቁ እንደገና ይቀባ።

ሁለተኛው ቢልሃርዚያ ነው። የጣና ዳርቻ ላይ እንዳለ የታወቀ ነው። ጥገኛ ትሉ የሚኖረው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት፣ ሣርና ደንገል በበዛበት ዳርቻ ነው፤ ቆዳ በስቶ ይገባል። ይህን የሚከለክል ዕቃ ገዝተው አይጨርሱም። ጀልባው በተቻለ መጠን ከመድረክ ላይ ይነሳ እንጂ ልጆቹ ሣር ውስጥ ቆመው አይግፉት። ሲወጡ ወዲያው በፎጣ ተፈትገው ይደረቁ። በየጊዜው ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሯቸው። መድኃኒት አለው፤ ፕራዚኳንቴል ይባላል።

ሦስተኛው የከሰዓቱ ነፋስ ነው። ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች ሥራቸውን በማለዳ የሚጨርሱት ወደው አይደለም። ቀኑ ሲገፋ ሐይቁ ይነሳል። አሠልጣኙን እነዚህን ይጠይቁት፤ መጠየቅ አያስከፍልም። ልጆቹ ውሃ ላይ ሳሉ የሚከተላቸው የሞተር ጀልባ አለ ወይ? ለስንት ልጅ ስንት ሰው? ነፋሱ ሲከር ወይም ነጎድጓድ ሲሰማ ማን ነው «ውጡ» የሚለው? ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ እስከ የት ነው የሚሄዱት? ጥርት ያለ መልስ ካላገኙ ምንም ዕቃ አይግዙ። ልጆቹን ያቆዩአቸው።

በእጅ የሚሠራ አንድ ነገር አለ፤ ልጆቹ ራሳቸው ቢሠሩት ደስ ይለኛል። ጀልባው ውስጥ የገባ ውሃ መቅጃ ነው። ባለ 3 ወይም ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይውሰዱ። ክዳኑ እንደተዘጋ ይቆይ። እጀታው እንዳለ ሆኖ ታችኛውን ክፍል ከእጀታው ማዶ ወዳለው ጎን ሰያፍ አድርገው ይቁረጡት። እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን ሻማ ላይ ትንሽ ያለስልሱት። እጀታው ላይ ገመድ አስረው ከጀልባው ጋር ያያይዙት፤ ጀልባው ሲገለበጥ አብሮ እንዳይሄድ። ውጭ አገር ያሉ ልጆችም በፕላስቲክ ጠርሙስ እንዲሁ ያደርጋሉ። ፉጨት በክር አስረው ላይፍ ጃኬቱ ላይ ያንጠልጥሉ። ምሳና ደረቅ ልብስ ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ውስጥ ይሁን።

ስለ ልጅዎ ደግሞ። ስትከፋ ማየትዎ ነው መሰለኝ ደብዳቤውን ያጻፈዎት፣ እንጂ ዋጋው ብቻ አይደለም። የ13 ዓመት ልጅ ከጓደኞቿ ተለይታ መታየት ያማታል፤ «ዋናው ችሎታሽ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ዝርዝሩን አብራችሁ ሰርዙት። የምን ያህል ብር እንደሆነ ትወቅ። ከተረፈው ላይ አንድ ነገር ራሷ ትምረጥ፤ መነጽርም ይሁን ጓንት፣ አያስፈልግም ያልኩት ነገርም ቢሆን። አንድ ብቻ፣ ግን የራሷ ምርጫ።

ይህንንም ይንገሯት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ልጆች የሚማሩበት ኦፕቲሚስት የሚባለው ትንሽ ጀልባ የተፈጠረው ለሀብታም ልጆች አልነበረም። በ1947 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ ክላርክ ሚልስ የሚባል ጀልባ ሠሪ ነው የነደፈው። የታሰበው ቤተሰብ ከኮምፖርሳቶ በርካሽ ሠርቶ ለልጁ እንዲሰጥ ነበር። ርዝመቱ 2.3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነውም ለመሥራት እንዲቀል ነው። ዋናውን ነገር፣ ነፋስ ማንበብን ደግሞ የትም ገዝተው አያመጡትም። ውሃው ላይ ጠቆር ብሎ የሚመጣውን ሽብሽብ ቀድሞ ያየ ልጅ ነፋሱን ቀድሞ ያውቃል። ታንኳ የሚቀዝፉ ልጆች ይህን ከአባቶቻቸው ተምረውታል። አንድ ጠዋት ከእነሱ ጋር ብትቀመጥ ብዙ ታተርፋለች።

ከወላጆቹ ጋርም ይነጋገሩ። ልጅ በየዓመቱ ያድጋል፣ ዕቃው ግን ቶሎ አያረጅም። የጠበበውን የሚያስቀምጡበት አንድ የጋራ ሣጥን ቢኖር የአንዱ ጃኬት ለሌላው ይደርሳል። ከፈለጋችሁ በወር ትንሽ እየጣላችሁ ዕቁብ አድርጉት፤ በየዙሩ የአንድ ልጅ ላይፍ ጃኬት ይገዛል። ያኔ ከውጭ የተላከላቸውና ያልተላከላቸው የሚባል ነገርም ይቀንሳል። ዕቃውን በጥላ ሥር ያድርቁ። ጣና ጨው ስለሌለው ዕቃ እንደ ባሕር አይበላም፤ የሚበላው ፀሐይ ነው።

የጀልባው ነገር በአጭሩ፦ በመጀመሪያው ዓመት አይግዙ። ኦፕቲሚስት እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ትልቋ በቅርቡ ትለቀዋለች፣ ትንሹ ደግሞ ይወደው አይወደው ገና አልታወቀም። ማስቀመጫ፣ ማጓጓዣና መጠገኛውም ወጪ አለው። በሚመጣው ዓመት ሁለቱም እዚያው ካሉ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋርታችሁ አስቡበት።

አሁን ለአክስታቸው የሚጻፈው። ሜሪላንድ መሆኗ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ አናፖሊስ የምትባለው የሸራ ጀልባ ከተማ እዚያው ናት። እነሱ ጋ ቅዝቃዜው ሲገባ የጀልባ ወቅቱ ስለሚያልቅ የልጆች ዕቃ በቅናሽ ይሸጣል። ያገለገለ ነፋስ መከላከያ ጃኬት ብታገኝ ትግዛ። ላይፍ ጃኬት ግን አዲስ፣ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ያጸደቀው የሚል ምልክት ያለበት ይሁን። እዚያ ክብደት የሚጻፈው በፓውንድ ነው። አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው። ከ50 እስከ 90 ፓውንድ፣ ማለትም ከ23 እስከ 41 ኪሎ ገደማ ያለ ልጅ «ዩዝ» የሚለውን ይለብሳል። ከዚያ በላይ ከሆነ የአዋቂ ትንሹን፣ በደረት ዙሪያ ተለክቶ። ልጅዎ 13 ስለሆነች እዚህ ድንበር ላይ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ሁለቱንም ዛሬ ያስመዝኗቸው፤ አክስታቸው ልትገዛ ስትል እንደገና ያስመዝኗቸው።

እንዲህ ብለው ይጻፉላት፦ «ሁለት ላይፍ ጃኬት፣ በስፖንጅ የተሠራ እንጂ በጋዝ የሚነፋ ያልሆነ፣ ለትንሽ የሸራ ጀልባ የሚሆን፣ ደማቅ ቀለም ያለው። የልጁ ክብደት ይህን ያህል ኪሎ፣ ደረቱ ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር። የልጅቷ ክብደት ይህን ያህል፣ ደረቷ ይህን ያህል። ሰፋ ያለ እንዳታመጪ። ሻንጣሽ ውስጥ ቦታ ከተረፈ ሁለት ሳንስክሪን። ሌላ ምንም አንፈልግም፤ አንቺ በሰላም ነይልን።»